ከአሌፍ እስከ ታው

የመሪጌታ አታክልቲ አስከሬን ሠራተኛ ሰፈር ካለው ቤታቸው ከመውጣቱ በፊት፣ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም የሚከፋፈለው ረጅሙ የዳዊት መዝሙር ተደግሞ ማለቅ ነበረበት። ልጃቸው የሺ የምትሻው አንድ ነገር ነው፤ አባቷ በገዛ አነባበባቸው እንዲሸኙ። አንባቢው የሟቹ ባልንጀራ አለቃ ሐድጉ ናቸው። በእነሱ ልማድ፣ የሳተ አንባቢ ከታረመ መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አለቃ ሟቹ ያስተምሩት እንደነበረው በግዕዙ «ጋሜል» ሲሉ «ጊሜል» የሚል ድምፅ አቋረጣቸው። አባይነህ ነው፤ የሟቹ ተማሪ የነበረ፣ ኋላ አራዳ ለሰነበተ አንድ ፈረንጅ ሊቅ አስተርጓሚ ሆኖ ዕብራይስጥ የቀሰመ። አለቃ ከአሌፍ ጀመሩ። «ዳሌጥ» ሲሉ ደግሞ «ዳሌት» አለ። እንደገና ከአሌፍ። ውጭ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ተሸካሚዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

የሺ ደሟ ፈላ። የአባቷን እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው፣ አባቷ መልስ መስጠት በማይችሉበት ቀን ሊያርማቸው መጣ።

«ፊደል ያስቆጠረህን ሰው አስከሬኑ ላይ ቆመህ ታርመዋለህ?» አለችው።

አባይነህ አንገቱን ደፋ። ያዘዙት ሟቹ ራሳቸው መሆናቸውን ተናገረ። ከፋሲካ ወዲህ የሺ ገበያ በምትሄድበት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የዕብራይስጡን አጠራር ሲያስጠናቸው ነበር፤ በቀብሬ ቀን በዚህ ይነበብልኝ ብለውታል። የሺ አላመነችውም። የአባቷን ዳዊት፣ አለቃ በቃላቸው እየደገሙ ሳይገልጡት ከያዙበት እጅ ነጥቃ ገለጠች። በየፊደሉ ስም ራስጌ የዕብራይስጡ አጠራር በአባቷ የተንቀጠቀጠ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ ቀለሙ ገና አዲስ ነው።

ያኔ ቁጣዋ አባይነህን ትቶ ወደ ሟቹ ዞረ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከግድግዳው ጀርባ ጥጥ እየፈተለች፣ አባቷ ለወንዶቹ ሲያስተምሩ እየሰማች ዳዊቱን በቃሏ ይዛዋለች። እሳቸውም ያውቁ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ነይ ቁጭ በይ አላሏትም፤ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ይሉ ነበር። እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

«ከተማሪው ለመማር ያላፈረ ሰው፣» አለች አንቱታውን ጥላ፣ «እኔን ለማስተማር ምን አሳፈረው?»

መጽሐፉን ዘግታ ለአባይነህ አስታቀፈችውና ከአባቷ ራስጌ ቆማ «አሌፍ» ብላ ጀመረች። ጋሜልን ጋሜል፣ ዳሌጥን ዳሌጥ አለች፤ ከግድግዳው ማዶ እንደ ሰማችው። አባይነህ ሊያርም አፉን ሲከፍት አለቃ ሐድጉ ክንዱን ጨብጠው ያዙት።

ታውን ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አሁን ውሰዱት» አለች።