የአሥራ አንዱ ሰልጣኞች ፊርማ

ሰልጣኞቹ ሁሉ «ቀስበል» ይሉታል፤ መኪና መንዳት ባስተማረባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ከአፉ ያልጠፋው ቃል ይኸው ነውና። ቀስበል ሰው ቶሎ አያምንም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የተባለው ለመንገድ ይመስለዋል። የቆመ መኪና ሲያይ እንኳ ድንገት ይነሳል ብሎ ይጠረጥራል።

አዲሱ አዋጅ የወጣ ዕለት የጠረጠረው ግን አዋጁን ራሱን ነበር። የመንጃ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት ለእኩል ሰዓት ይስጥ ተባለ። አርባ ሰዓት፤ በየሰዓቱም ሰልጣኙና አስተማሪው ይፈርማሉ።

«ተቆጣጣሪ ሲበዛ እጁን የሚዘረጋውም ይበዛል፤ ምን አለ በዪኝ» አላት ታናሽ እህቱን። ትምህርት ቤቱ የእሷና የባሏ ነው። ባሏ አልጋ ከያዘ ወዲህ ቢሮውንም መዝገቡንም የያዘችው እሷው ናት።

«አንተ ደግሞ! ጥላህንም አታምን» ብላ ሳቀችበት።

ዓመት ሳይሞላ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወሬ የማታበዛ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ሁለት ቀን ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲያስተምር አየችው። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም። ቀስበል በመስተዋቱ የጎሪጥ እያያት «የዚችስ ጥማት የሻይ አይደለም» አለ በሆዱ።

በሦስተኛው ቀን አስጠራችው።

«ትናንት ያ ሰልጣኝ ዳገት ላይ መኪናውን ማስነሳት አቅቶት ‹ግዴለም ይፈርሙልኝ› ሲልዎት እምቢ አሉት» አለችው።

«ታዲያ አጠፋሁ?»

«አላጠፉም። ለዚህ ነው ይሄ ያልገባኝ» ብላ መዝገቡን ዘረጋችለት።

አሥራ አንድ ሰዎች እያንዳንዳቸው አርባ ሰዓት ተምረዋል ይላል። በየመስመሩ የቀስበል ፊርማ አለ። አንዳቸውንም አያውቃቸውም። ወገቡን ታሞ በተኛበት ሳምንት እንኳ በቀን ስምንት ሰዓት አስተምሯል! መጀመሪያ የጠረጠረው ሴትዮዋን ነው፤ ወጥመድ መስሎት።

«እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» ብሎ የመጀመሪያውን ሰው ስልክ ገልብጦ ወጣ። ደጅ ቆሞ ደወለ።

«እኔ እርስዎን አላውቅዎትም፣ ጋሼ» አለው ሰውየው። «አንድ ቀን መጣሁ፣ አርባ ቦታ ፈረምኩ፣ አለቀ።»

«አሁን ትነዳለህ?»

«እንዴታ! የተማሪዎች ሰርቪስ ነው የያዝኩት።»

ቀስበል ስልኩን ዘጋ። የፊርማው ጭራ ትዝ አለው፤ ልክ እንደ እሱ ፊርማ ወደ ላይ ይቆለመማል። እንዲህ አስመስሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። በልጅነቷ እርሳስ መያዝ ሲያቅታት እጇን በእጁ ይዞ ያስጻፋት እህቱ።

ቢሮዋ ገብቶ በሩን ዘጋ። «እህት ዓለም፣ በኔ ስም የፈረመው ማነው?»

ቀና ብላ አላየችውም። «ሰልጣኝ ጠፋ፣ ወንድምጋሼ። አርባ ሰዓት ሲባሉ ይሸሻሉ። ባሌ ተኝቷል፤ ምን ላድርግ?»

«አንዱ ሕፃናት ጭኖ ይነዳል።»

«እስካሁን ማንም ምንም አልሆነ።»

«እስካሁን» አላት።

«ብትናገር ይዘጉናል። የኔ ወንድም ነህ ወይስ የእነሱ?»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ እህቱን ላጣ ነው ብሎ ፈራ። እስከ ነገም አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ተቆጣጣሪዋ ፊት ቆመ።

«ፊርማው የኔ አይደለም። የማን እንደሆነ የፈረመው ሰው ራሱ ይንገርዎት። እኔ የምለምንዎት የሰርቪሱን ሹፌር ዛሬውኑ እንዲያስቆሙልኝ ነው።»

እዚያው ደወለች። ቀስበል ግን መስመሩ ላይ ሰው መኖሩን ለማጣራት ጆሮውን ቀሰረ።

እህቱ ያንኑ ሳምንት ጥፋቷን አመነች። ትምህርት ቤቱ አራት ወር ተዘጋ፤ አሥራ አንዱም መንጃ ፈቃዳቸውን አስረክበው ከአንድ እንዲጀምሩ ተፈረደ። እንደተከፈተ ያስተማራቸው ቀስበል ራሱ ነው። የሰርቪሱ ሹፌር የመጀመሪያው ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተትበት ላብ አጠመቀው።

«በዚህ መንገድ እኮ ልጆቹን በየቀኑ...» ብሎ አልጨረሰውም።

እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። አንድ ጠዋት መዝገቡን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጋ ይሁን» አለችው፣ መስኮቱን እያየች።

እርቅ ይሁን ሽሙጥ ሊገባው አልቻለም። መዝገቡን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።