ለጤነኛው የተጠየቀ የሕመም ፈቃድ

ቦጋለች ከጧት ጀምራ በሽተኛ ስታይ ውላ፣ ወገቧን ልታቃና ወንበሩን ሳብ ስታደርግ ቄስ ቴዎድሮስ የጤና ጣቢያውን በር ገፋ አድርገው ገቡ። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው የተማሪ ደብተር ክምር ይዘዋል። ቄስም መምህርም ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ይቀድሳሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ ያስተምራሉ።

መስቀሉን ተሳለመችና፣ «ምነው አባ፣ አመመዎ እንዴ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔስ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የአምስት ቀን የሕመም ፈቃድ እንድትጽፊልኝ ነው።»

ሳቋ መጣ፤ ግን ለመሳቅም አቅም ይፈልጋል። ይህን ልመና ስንቴ ሰምታዋለች! ሠርግ የተጠራው፣ አጨዳ የደረሰበት፣ ዘመድ ሊጠይቅ ደሴ የሚወርደው፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይመጣል። ለአንዱም ጽፋ አታውቅም። እሷ ራሷ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አሞኛል ብላ አልቀረችም፤ ቢያተኩሳትም ሹራብ ደርባ ትመጣለች። ይህን የወረሰችው ከአባቷ ነው።

«ለራሴ አይደለም» አሉ ቄስ ቴዎድሮስ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፉ። «ለአባትሽ ብዬ ነው።»

አባቷ ቄስ ቀለመ ወርቅ ሳል ከጀመራቸው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አክታቸውን አስመርምራለች፤ ነቀርሳ አይደለም፣ የሳንባ ምች ነው። መድኃኒቱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ወራቱ ግን ሁዳዴ ነው። በየቀኑ ይቀደሳል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዘጠኝ ሰዓት ያልፋል፤ የሚቀድስ ሰው ደግሞ እስከዚያ ድረስ እህል ውሃ አይቀምስም። አባቷ እንግዲህ የሚውጡት የማታውን ብቻ ነው። እንዳይቀሩ፣ ያለ ሁለት ቄስ አይቀደስም፤ ሦስተኛው ቄስ ባሕር ዳር ከገቡ ወዲህ በሥራ ቀን የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። እሳቸው ከተኙ ቅዳሴው ይታጎላል።

«እኔ ልተካቸው ብዬ ርእሰ መምህሩን ፈቃድ ጠየቅሁት» አሉ ቄስ ቴዎድሮስ። «ያለ ሐኪም ወረቀት አይሆንም አለኝ። በይ እንግዲህ፣ እኔን አሳምሚኝና እሳቸው ይረፉ።»

«ጤነኛው ታሞ በሽተኛው ይተኛ?»

«ወረቀቱ የሚወደው እንደሱ ነው፣ ምን ላድርግ እህቴ።»

ቦጋለች ወረቀቱን አወጣች። ስማቸውን ጻፈች፣ ዕድሜያቸውን ጻፈች። «የሕመሙ ዓይነት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጉንፋን ብትል ይበቃ ነበር። አባቷ በዚህ አያያዛቸው ፋሲካን እንደማያዩ ታውቃለች፤ ደረታቸውን በጆሮዋ ሰምታዋለች። ያም ሆኖ እስክሪብቶው አልሄድልሽ አላት።

«እስከ ነገ ጧት ይታገሡኝ» አለች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የጧቱና የቀትሩ ክኒን እንዳስቀመጠችው አለ። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ሐሰት ሊጻፍ? ለቅዳሴ ተብሎ? ያውም በእኔ ምክንያት?» ሳሉ አቋረጣቸው። «አይደረግም!»

«እኔም አልወደድኩትም። ካልጻፍኩ ግን እርስዎ ነገም ሄደው ይቆማሉ።»

«እቆማለሁ።»

«አባባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አለቃ ተክለሃይማኖት እንዴት አደሩ ሲሉዎ ምን ብለው ይመልሳሉ?» አለቃው የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እላለኋ። ሌላ ምን ይባላል?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ካልተነካው ክኒን ላይ አሳረፉ።

«ታዲያ ያስ ሐሰት አይደለም?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት። «ሰው አሞኛል ብሎ እንዴት አፉን ሞልቶ ይናገራል ልጄ?» አሉ። «አርባ ዓመት ስቆም የኖርኩበትን ቦታ እንዴት አድርጌ ነው አልቆምም የምለው?» የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ክንዳቸውን ይዛ አለቃው ቤት ወሰደቻቸው። መንገዱ አጭር ነው፤ ሦስት ጊዜ አረፉበት።

«እንዴት አደሩ፣ ቄስ ቀለመ?» አሉ አለቃ ተክለሃይማኖት ከደጃፋቸው ብድግ ብለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ...»

ቦጋለች ክንዳቸውን ጠበቅ አደረገች። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ።

«አሞኛል» አሉ።

አለቃው የሰሙትን ያላመኑ ይመስል በእጃቸው ጆሯቸውን ደገፉ። «አሞኛል አሉ? እርስዎ?»

«ከያዘኝ ቆየ።»

«ኧረ በእመቤቴ! ሲያስልዎ እኮ ዕጣኑ አንቆዎት ይመስለኝ ነበር! ዲያቆናቱን ዕጣን አታብዙ ብዬ ስንቴ ተቆጣሁ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ከጎረቤት ደብር ቄስ ዳንኤልን እለምን አልነበረም? አሁኑኑ ሰው እልካለሁ። ይግቡና ይተኙ።»

ቦጋለች ለቄስ ቴዎድሮስ ደወለችና ወረቀቱ እንደማያስፈልግ ነገረቻቸው። «ተመስገን» አሉ፤ «ምን እንዳመመኝ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ጠፍቶኝ ነበር።»

በምሳ ሰዓት በባጃጅ እየበረረች ቤት ገባች። አባቷ ተኝተዋል፣ ዓይናቸው ግን ጣራው ላይ ነው። ቅዳሴው ተጀምሮ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

«ይሄ ዳንኤል ዜማውን ያጣድፈዋል» አሉ። «አሁን እዚች ላይ ሳብ ማድረግ ነበረበት።» እጃቸውን መደቡ ላይ ተክለው ሊነሱ ቃጡ።

ቦጋለች ለመከልከልም ጉልበት አልነበራትም። ክኒኑን፣ ውሃና ቂጣ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

ከድቁናቸው ጀምሮ በሁዳዴ ቀትር ላይ ውሃ ቀምሰው አያውቁም። እጇን አዩት፤ ተቀበሏት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አማተቡና ዋጡት። ቂጣውንም ቆረስ አድርገው ቀስ ብለው አኘኩ፣ ሰው እንዳይሰማቸው የሚሳቀቁ ይመስል። ከዚያ ጋደም አሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሻቸው ረዘም እያለ ሄደ።

ወደ ሥራ ለመመለስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀራታል። ቦጋለችም ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ከእግራቸው ሥር ጥቅልል ብላ ተኛች።