ያልዞረው ፊልም

ፀደይ ጎንደር ከተማ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ስለምትውል የአባቷ ካሜራ ያን ያህል የሚያስቸግራት አልመሰላትም ነበር። አባቷ አቶ ፋንታሁን ፒያሳ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሰው ሁሉ በስልኩ መነሣት ሲጀምር ደንበኛው ሳሳ፤ ቤቱን ዘጉ፤ ኋላም ዓይናቸው ደከመ። ከዕቃቸው ሁሉ ያልሸጡት አንድ የሩስያ ካሜራ ብቻ ነው፤ ከባድ፣ ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚዞር።

ለሥራ መጥቶ የነበረ እንግዳ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ለፀደይ ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሣ አንድ ፊልም ሰጥቷት ሄደ። አባቷ ይህን ሲሰሙ፣

«በይ እንግዲያው ድብ ባሕር ሄደሽ እንኳየሁንና አስማረን አንሺልኝ» አሏት።

እትዬ እንኳየሁ ገጠር፣ ድብ ባሕር የሚኖሩ የአባቷ ታናሽ እኅት ናቸው፤ አያ አስማረ ባላቸው። አርባ ዓመት በትዳር ሲኖሩ የሠርግ ፎቶ የላቸውም። ፋንታሁን ያኔ ገና ጀማሪ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያነሡ ውለው ወደ ጎንደር ሲመለሱ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ፊልሙን ከካሜራው መዝዞ በፀሐይ አቃጠለባቸው። ይህን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል።

አባቷ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ አስተማሯት።

«የብርሃን መለኪያው ከሞተ ቆይቷል፤ የምታምኚው ፀሐይን ነው። ፀሐይ ድምቅ ካለች ይህን የሌንስ ቀለበት አሥራ ስድስት ላይ፣ ፍጥነቱን መቶ ሃያ አምስት ላይ አድርጊ። ዳመና ከሆነ ቀለበቱን ስምንት። ጥላ ውስጥ ከገቡ አምስት ነጥብ ስድስት።»

«ነጭ ከለበሱስ?»

«ጋቢው አያታልልሽ። የምትፈልጊው ፊታቸውን ነው፤ ቀለበቱን አንድ ቁጥር ክፈቺው።»

ምስሉን ማጥራት ለእሷ ሥራዋ ነው። ቀለበቱን እያዞረች የአባቷ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ ታጠራዋለች። ፊልሙን ግን ያስገባችው በምትሄድበት እሑድ፣ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነው። ጫፉን መጠቅለያው ስንጥቅ ውስጥ ሰካች፣ ክዳኑን ገጠመች፤ የፎቶ መቁጠሪያው ቁጥር አንድ ሲል ደስ አላት።

ድብ ባሕር ስትደርስ እትዬ እንኳየሁ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ አያ አስማረ አዲስ ጋቢ ደርበው ጠበቋት።

«ልጆቹ በስልክ ያነሡናል፤ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ስልኩም ይሰበራል» አሉ እትዬ እንኳየሁ። «እኔ የምሻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው።»

ፀደይ እስከ ምሳ አነሣች፤ ጎረቤትም መጥቶ ተነሣ። ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ደረሰ። ፊልሙ ሲያልቅ፣ ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚያሳልፈው ማጠንጠኛ አልዞር እንደሚል አባቷ ነግረዋታል። ይሄ ግን በልስላሴ ዞረ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ዞረ። ለማንም ሳትናገር ካሜራውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ እንኳየሁ ሲሸኟት ጉንጯን ስመው፣ «አደራ፣ ይህንንም ወታደር እንዳይወስድብሽ» አሏት።

ቤት ስትገባ አባቷ ካሜራውን ተቀብለው በግራ በኩል ያለችውን የፊልም መመለሻ እጀታ በጣታቸው አዞሯት። ያለ ምንም ክብደት ዞረች።

«አልያዘም» አሉ። ክዳኑን ከፈቱት፤ ፊልሙ እንደገባ ተቀምጧል። «ባጠነጠንሽ ቁጥር ይቺ እጀታ አብራ መዞር አለባት። እሷ ካልዞረች ፊልሙ ካለበት አልተነቃነቀም። ቁጥሩማ ባዶውንም ይቆጥራል። ይህን እንዴት ሳልነግርሽ...»

«ተበላሸ?»

«ፊልሙስ ደህና ነው።» ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። «ወታደር አልነበረም» አሉ።

«የቱ ወታደር?»

«የእንኳየሁ ሠርግ ላይ። እኔም እንዲሁ ነው የሆንኩት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ፊልሙ እንዳለ ነው። አባቴ በሬ ሸጠው የገዙልኝ ካሜራ ነው፤ ምን ብዬ ልንገራቸው? ከሰው የሰማሁትን ታሪክ በራሴ የደረሰ አደረግሁት።»

ፀደይም ሚኒባሱ ውስጥ ሰበብ ስትፈልግ ነበር የመጣችው፤ ካሜራው አርጅቷል ልትላቸው አስባ ነበር።

«አብረን እንሂድ» አለች።

ሐሙስ ሄዱ። አያ አስማረ አውድማ ላይ እህል ያዘራሉ፤ እትዬ እንኳየሁ ዳር ዳሩን ይጠርጋሉ። ፋንታሁን ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«እንኳዬ፣ የሠርግሽን ፊልም ወታደር አልወሰደውም። አስተካክዬ ሳላስገባው ቀርቼ ነው። ዋሸሁሽ።»

እትዬ እንኳየሁ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«አያ፣ ያን ወታደር እኮ አርባ ዓመት ረግሜዋለሁ! ለንስሐ አባቴ ለቄስ ወልደኢየሱስ ብነግራቸው ይቅር በዪው ብለው ስግደት አዘዙኝ። የሌለ ሰው ይቅር ልል ነው ያን ሁሉ የሰገድኩ?»

ፋንታሁን አቀረቀሩ።

«ምነው ያኔውኑ ብትነግረኝ? አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር» ብለው ቤት ገቡ።

አያ አስማረ «ነፋሱ ሳይቆምብኝ» አሉና ማዝራታቸውን ቀጠሉ። ፀደይ የቤቱ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላ ፊልሙን እንደገና አስገባች። አሁን ክዳኑን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ጊዜ አጠንጥና፣ ካሜራው ውስጥ ያሉት ጥርሶች የፊልሙን ቀዳዳዎች በሁለቱም በኩል መያዛቸውን አየች። ዘግታ ስታጠነጥን እጀታዋ ዞረች። የአባቷን ጣት ወስዳ እጀታዋ ላይ አሳረፈችና ደግማ አጠነጠነች።

«ያዘ» አሉ።

እትዬ እንኳየሁ ብዙ ቆይተው ወጡ። ጥልፍ ቀሚሱን አልለበሱም፤ ገለባ በነካው ልብሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ግን ታጥበዋል።

«ና አንሳን» አሉ ወንድማቸውን።

«ዓይኔ አያይም፣ እንኳዬ። ፀደይ ታንሳችሁ።»

«እሷም ታነሣናለች። መጀመሪያ ግን አንተ።»

ፋንታሁን ከእኅታቸው ፊት ተነሥተው የኋሊት አራት እርምጃ ቆጠሩ። «ርቀቱን ሦስት ሜትር። ቀለበቱን አሥራ ስድስት። ፍጥነቱን መቶ ሃያ አምስት» አሉ። ፀደይ አስተካክላ ሰጠቻቸው። አያ አስማረ የሚያዘሩበትን መንሽ እንደያዙ መጥተው ከሚስታቸው ጎን ቆሙ። ፋንታሁን ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ተጫኑት።

«ቀሪው ያንቺ ነው» ብለው ካሜራውን መለሱላት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ከሠላሳ ስድስቱ አሥራ አንዱ ሸጋ ናቸው። አምስቱ ላይ እጇ ተንቀጥቅጧል፤ በቀሩት ላይ አያ አስማረ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ወይም ፀሐዩ በዝቷል። ሸጋዎቹን፣ አባቷ ያነሡትንም ጨምራ አሳትማ ወደ ድብ ባሕር በሚሄድ ሹፌር ላከቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ለአባቷ ስልክ ተደወለላቸው።

«አያ! አስማረን ምነው ግማሹን ቆረጥከው? መንሹ ሙሉ ወጥቷል፣ ሰውየው የለም!»

«መንሹ ደህና ቆሞ ይሆናል» አሉ ፋንታሁን።

እትዬ እንኳየሁ ሳቁ። ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ፀደይ ያነሣችውን፣ ሁለቱ የገለባው ክምር ሥር የተቀመጡበትን እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ስለወለደችው ጊደር፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ቀጠሉ። ፀደይ ሥራ ስለረፈደባት ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ገና እያወሩ ነበር።