መሃል ላይ የቆመ ብየዳ

"ዘሪሁን! ሽቦው አለቀ እኮ!" ብሎ ወንዳፍራሽ ከመሰላሉ ላይ ጮኸ።

ዘሪሁን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ስለመጣ የብየዳ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ተደናብሮ ተነስቶ አዲስ ሽቦ እስኪያስገባ ድረስ፣ በሁለቱ ወፋፍራም ብረቶች መሃል ሲፍለቀለቅ የነበረው ቅልጥ ብረት ጠቁሮ ረጋ።

ኤሌክትሮስላግ የሚሉት ብየዳ ማቋረጥ አይወድም። ከታች አንዴ ከተጀመረ ያለ ዕረፍት እስከ ጫፍ መውጣት አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ብረቱ የተያያዘ ይመስላል እንጂ ውስጡ አይይዝም። ይህ ብረት ደግሞ የፎቅ ምሰሶ ነው።

"ለፎርማኑ እንንገረው። ተቆርጦ እንደ አዲስ ይበየድ" አለ ወንዳፍራሽ።

"አብደሃል? ባለፈው ዋርኒንግ ሰጥቶኛል፤ አሁን ፋየር ነው የሚያደርገኝ። እታገኘሁ በዚህ ወር ትወልዳለች፤ የሕክምና ኢንሹራንሳችን በዚህ ሥራ ነው።" ዘሪሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ አንተን እዚህ ያስገባህ ማን ሆነና ነው?"

እውነቱን ነው። ወንዳፍራሽ ከሱዳን ሲመጣ ሶፋው ላይ ያስተኛውም፣ ሙያውን ያስያዘውም ዘሪሁን ነው። ስለዚህ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዘሪሁን ማሽኑን መልሶ አስነሳ፤ ሲጨርስም የቆመበትን ቦታ እንዳይታወቅ ከላይ በእጁ በይዶ አለሰለሰው።

ማታ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የዘሪሁን ሚስት እታገኘሁ ራት ጋበዘቻቸው።

"ወንዴ፣ ብላ እንጂ! አሞሃል እንዴ?" አለችና ጠቅልላ አጎረሰችው። "እንግዲህ፣ ከዘሪሁን ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ የልጁ ክርስትና አባት አንተ ነህ።"

ዘሪሁን ቀና ብሎ አላየውም። ወንዳፍራሽ ጉርሻውን ዋጠና ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ስልክ ሄደ። ዘሪሁን ተከተለው።

"ለማን ነው?"

"ለፎርማኑ። ምሰሶውን ነገ ጭነው ይወስዱታል።"

"በማርያም ወንዴ! እኔን እኮ ነው የምትጥለኝ።"

"ማሽኑ ላይ ሁለታችንም ነበርን። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም እነግረዋለሁ።"

እታገኘሁ ከጠረጴዛው ሆና "ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ!" ብላ ተጣራች። ዘሪሁን ወደ እሷ ዞረ፤ ግን አልሄደም። ወንዳፍራሽ ሳንቲሙን ከተተ። ቁጥሩን ተሳስቶ ዘጋና እንደገና መታ።

"ወንዳፍራሽ ነኝ" አለ ስልኩ ሲነሳ። "ስለ ዛሬው ምሰሶ ነው።"