የፌርማታው ኪያር

ሽማግሌው ሙናካታ ቶኪዞ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ የተከሉት ኪያር አፈራ፤ አፍርቶም ቢጫ ሆነ። የነካው ሰው ግን የለም።

«ማንም ሰው ቀጥፎ ይውሰድ» የሚለውን ሰሌዳ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ከሩቅ እንዲነበብ በወፍራም ቀለም። መሬቱ የሰፈሩ ማኅበር ነው። ቀድሞ አበባ ነበረበት፣ የምታጠጣውም ሚስታቸው ነበረች። እሷ ካረፈች በኋላ ማኅበሩን አስፈቅደው ኪያርና ደበርጃን ተከሉበት። ለሰው የነገሩት «አበባ አይበላም» ብለው ነው። ያልነገሩት ደግሞ ኪያር ሊቀጥፍ ጎንበስ ያለ ሰው ሁለት ቃል ሳያወራ አይሄድም ብለው ማሰባቸውን ነው። ከሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ በቀር ማንንም ሳያናግሩ የሚመሽባቸው ቀን በዝቶ ነበር።

ሰው ይመጣል፣ አትክልቱን ያደንቃል፣ እጅ ነስቶ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። «ምናልባት እኔን አፍረው ይሆናል» ብለው ጥቂት ቀን ከመስኮታቸው ሆነው አዩ። ያው ነው። እንዲያውም አንዲት ሴት መሬት የወደቀ ደበርጃን አነሳች፤ አቧራውን ጠራርጋ ግንዱ ሥር አስቀምጣው ሄደች።

ሙቀቱ በበረታበት አንድ ጠዋት የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ኒሺዋኪ መጡ።

«አቶ ሙናካታ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

«ኧረ ይናገሩ።»

«ማኅበሩ እዚህ ቦታ ላይ ጠጠር እናፍስበት እያለ ነው። የሚበሰብሰው ነገር ዝንብ እየጠራ...»

«የሚበሰብሰው የሚበላው ጠፍቶ ነዋ! ሰሌዳው አይታይም?»

«ከባቡር ላይም ይታያል።»

«ታዲያ ምነው አትወስዱም? መርዝ ነው?»

ወይዘሮ ኒሺዋኪ ጃንጥላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «እርስዎስ መቼ ወሰዱና?»

«እኔ?»

«ሰፈሩ ሁሉ እርስዎን ነው የሚጠብቀው። የተከለው ሰው ሳይቀምስ ማን ደፍሮ ይቀጥፋል? ባለቤቴ ማታ ማታ ‹ዛሬስ ቀመሱ?› ይለኛል። ምራቁን ሲውጥ ወቅቱ አለቀበት።»

«እኔ እኮ... ለራሱ ነው የተከለው እንዳልባል ብዬ ነው።»

ወይዘሮዋ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ድምፁ ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው።

ቶኪዞ ገና አረንጓዴ የሆነ ኪያር ፈልገው ቀጠፉ፤ በሸሚዛቸው ጠርገው ገመጡት።

«ይጣፍጣል?»

«ትንሽ ይመራል።»

«ይሁን፣ ለባለቤቴ አልነግረውም» ብለው ወይዘሮ ኒሺዋኪ አንድ ቀጠፉና በመሀረብ ጠቀለሉ። «ስለ ጠጠሩ አያስቡ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ፌርማታው ላይ ያልሰማ መስሎ የቆመው ሰው ሁሉ ይሄን ጊዜ አንድ በአንድ ጠጋ አለ። አንዱ ኪያር፣ አንዱ ደበርጃን ወሰደ። ቶኪዞ ለእያንዳንዱ የሚያወሩት አዘጋጅተው ነበር፤ የትኛው ለጥብስ እንደሚሆን፣ የትኛው ዘሩ እንደበዛ። ግን አንዱ አውቶቡሱ መጣበት፣ ሌላዋ ምድጃ ላይ የጣደችው ነበራት። ሁሉም አመስግኖ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ከቅጠል በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቀመጡና ወደ ቤታቸው ወጡ።

አመሻሹ ላይ በራቸው ኮሽ አለ። ሲከፍቱት እጀታው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር። ቆየት ብሎ ሌላ ፌስታል፣ የተጠበሰ ደበርጃን። ከዚያም ሌላ። የተቀበለ ሁሉ ብድሩን እየመለሰ ነው። መጥሪያውን የተጫነ ግን አንድም የለም፤ ሽማግሌውን ላለማስቸገር።

የመጨረሻውን ሲሰሙ ሮጥ ብለው ወጡ። ደረጃው ላይ የሚወርድ የእግር ኮቴ አለ።

«ቆይ! ይግቡ እንጂ! እራት አብረን...»

ኮቴው ቆም አለ።

«ኧረ አላስቸግርዎትም!» አለ አንድ የወንድ ድምፅ ከታች፤ የማን እንደሆነ አላወቁትም። ከዚያ መውረዱን ቀጠለ።

ቶኪዞ የመጣላቸውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ለአንድ ሰው በጣም ብዙ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገው ተዉትና መብላት ጀመሩ።