በሰሜን በኩል የታየችው ወፍ

ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ የለቅሶውን ቤት በር ገፋ አድርጋ ምንም ድምፅ ስላልሰማች፣ ሰው የለም ብላ ልትመለስ ነበር። አንገቷን ስታስገባ ግን ሳሎን ሙሉ ሰው ዞሮ አያት።

በሶፋው በኩል ወፍ ተመልካቾቹ፣ በመስኮቱ በኩል ዓሣ አጥማጆቹ ተቀምጠዋል። ወፍ ተመልካቾቹ ልማድ ሆኖባቸው ለቅሶ ቤትም ያንሾካሹካሉ፤ አጥማጆቹ ጭራሽ አይናገሩም። በመካከላቸው የረግረጉ ጠባቂ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል። ረግረጉ የሕዝብ ስለሆነ የፈለገ ዓሣ ያጠምድበታል፣ የፈለገ ወፍ ያይበታል፤ የጠባቂው ዋና ሥራ ሁለቱን ወገን ማስታረቅ ነበር።

ሐዘንተኛው ቁልፍ ሠሪ አጥማጅ ነው፤ የሞተችበት ሚስቱ ወፍ ተመልካች ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ መኪና ሄደው መግቢያው ላይ ይለያያሉ፤ እሱ ወደ ደቡቡ ዳርቻ፣ እሷ ቢንቢ ወደሚርመሰመስበት ወደ ሰሜኑ። ከእኔ ወፍ ይበልጥባታል እያለ ለዓመታት በሆዱ አኩርፏል።

የወፍ ተመልካቾቹ አለቃ፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋው። ሟች ሰሜኑ ላይ ያየቻትን ባለ ሰማያዊ አንገት ወፍ ስንት ዓመት እንደጠበቋት፣ አሁንም እዚያው በስሟ የእንጨት መመልከቻ ጎጆ ሊሠሩላት እንዳሰቡ ነገረው። ችግሩ፣ አዳዲሶቹ አባላት ወፏን ከእሷ በቀር ያየ የለም፣ ፈጥራ ያወራችው ነው ማለት ጀምረዋል፤ ጠባቂውም ያለ ምስክር ጎጆውን አይፈቅድም። ምናልባት ለባሏ የነገረችው ነገር ቢኖር ብሎ ነው።

ቁልፍ ሠሪው መጣሁ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። የሚስቱ ታናሽ እህት ብርጭቆ ታጥባለች። ስለ ወፏ ሲጠይቃት ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጅጌዋ አፈነች።

«የምን ወፍ ጋሼ? እህቴ ዳክዬን ከዝይ መች ትለይ ነበር?»

እህቷ እንደነገረችው፣ በተጋቡ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ባዶ እጁን ተመልሶ፣ እነዚህ መነጽራሞች ጭቃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ ዓሣዬን አባረሩብኝ ብሎ ራቱን ሳይበላ ተኝቶ ነበር። እሱ ረስቶታል። እሷ ግን በሳምንቱ የርቀት መነጽር ገዝታ ማኅበራቸው ገባች። ብዙም ሳትቆይ ሰሜኑ ላይ ወፍ አየሁ አለች፤ ማኅበሩ ግልብጥ ብሎ ወደዚያው ሄደ፤ ደቡቡ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው እንዳይቀዘቅዝ፣ አንዴ ክንፏን አየሁ፣ አንዴ ድምፅዋን ሰማሁ እያለች ከእነሱ ጋር ቢንቢ ስትቀልብ ኖረች።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ብትነግርህ ሄደህ ለጠባቂው ትናገር ነበራ።»

እውነቷን ነው። ከተፈቀደው መጠን ያነሰች ዓሣ የያዘ ቀን ራሱ ሄዶ ራሱን የሚከስ ሰው ነው። የጓዳውን በር ተደግፎ ቆመ።

«ጸጥታውን ማን ለመናት?» አለ። «አጠገቤ ተቀምጣ ብታወራ አይሻለኝም ነበር?»

እህቷ መሳቋን ትታ ያንኑ ብርጭቆ ደግማ አጠበች።

ወደ ሳሎን ሲመለስ ሹክሹክታው ቆመ። ጠባቂው ጉሮሮውን ጠራረገ። አንተ ካልክ እኔ ሌላ ምስክር አልፈልግም፣ ጎጆውም ይሠራል፣ ወፏን አንተም አይተሃታል ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አይቻታለሁ» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ጓደኞቹ አጥማጆች ሲዋሽ ሰምተውት ስለማያውቁ ወዲያው አመኑት። የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን ታክላለች?»

ቁልፍ ሠሪው የያዘውን ዓሣ እንደሚያሳይ ሰው መዳፎቹን ፊት ለፊት አድርጎ ከፈት አደረገ። አነሰችበት፤ ሰፋ አደረገ። አሁንም አነሰችበት። ክንዶቹ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ተዘረጉ።

«ይህን ታህል ነበር» አለ።

ወፍ ተመልካቾቹ እንዲህ ያለች ወፍ ከየት መጣች እያሉ ሲንሾካሾኩ፣ እሱ ክንዶቹን መሰብሰብ አቃተው። የሚስቱ እህት ሻይ ይዛ ስትመጣ፣ በክንዱ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች።