ያልተጻፈችው ትእዛዝ

ተማሪዎቹ «ጋሼ ኬብል» የሚሉት፣ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙት ራውተሮች የተደረደሩበት የማሠልጠኛው ክፍል ኃላፊ፣ መልመጃዎቹን በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ወደሚሠራ አስመሳይ ራውተር እንዲያዛውር ታዘዘ። አለቃው የገዛ ተማሪው ነበር። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይጨርሱልኝ፤ ሥራዎ የትም አይሄድም» አለው።

መልመጃዎቹን ገለበጣቸው፤ አስመሳዮቹ ራውተሮች ግን እርስ በርስ አንነጋገርም አሉ። ቢመረምር ቢመረምር፣ ለካ እውነተኞቹ መስመር አንዴ ከተከፈተ «ክፈት» የሚለውን ትእዛዝ በሚገለበጠው የትእዛዝ ዝርዝራቸው ላይ አያስቀምጡም፤ አስመሳዩ ደግሞ መስመሩን ሁሉ ዘግቶ ነው የሚጀምር። ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ምሳ ላይ ለሚስቱ አጫወታት።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዲያው አትጻፋት! ሲጨንቃቸው ደጅህን ይጠናሉ።»

«ልጆቹስ ምን አደረጉኝ?» አለና ተመልሶ በየመልመጃው አንድ በአንድ ጻፋት። አንጀቱ አልችል ብሎ እኮ ነው።

ሁሉም እንደ ጉድ ሠራ። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ! እንግዲህ ክፍሉም ኃላፊውም አያስፈልገንም» ብሎ መፍቻ አስጨበጠው፤ ራውተሮቹን ከመደርደሪያው እንዲያወርድ።

የመጨረሻውን ብሎን ሲፈታ ሚስቱ ደወለች።

«እሺ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ሠራ» አላት።